ስለ ልብ እርካታና ወደ እግዚአብሔር ስለ መቅረብ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ቤት ወጪ አያያዝ ተነጋግረን ነበር። ገንዘብ በልክ ሲያዝ ቤት እንደሚጸና አይተናል። ነገር ግን ገቢውና ወጪው ተስተካክሎ፥ ጎተራው ሞልቶ፥ ልጆቹ ተምረው፥ ሹመትም ተጨምሮ ሳለ የጌታው ልብ ባዶ የሚሆንበት ቤት ብዙ ነው። እንግዶች ተሸኝተው መብራት ከጠፋ በኋላ፥ በአልጋው ላይ ዓይኑን ገልጦ «ይህ ሁሉ ሆኖልኝ ሳለ ምን ቀረብኝ?» ብሎ ራሱን ያልጠየቀ ባለ ሥልጣን ጥቂት ነው። ዛሬ ስለዚህ ጥያቄ ለመጻፍ አስቤአለሁ። እኔ የፍርድ ቤት ጸሐፊ እንጂ ሰባኪ አይደለሁም፤ ስለዚህ የምናገረው ካነበብሁትና በራሴ ላይ ከደረሰው አያልፍም።

ጥያቄው የዛሬ አይደለም። አውግስጢኖስ የተባለው ታላቅ ሊቅ፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ354 ዓ.ም.፥ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር ታጋስት በምትባል ከተማ ተወለደ። በወጣትነቱ የንግግርን ጥበብ ተምሮ ስሙ እየገነነ ሄደ፤ በ384 ዓ.ም. የሮም ንጉሠ ነገሥት ቤተ መንግሥት በነበረባት በሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ። ከዚያ ወዲያ የቀረው የአገረ ገዥነት ሹመት ነበር፤ እርሱም ይህንኑ ተስፋ ያደርግ ነበር።

አንድ ቀን ንጉሠ ነገሥቱን የሚያመሰግን ንግግር ያዘጋጅ ነበር። ከሚናገረው ብዙው ሐሰት መሆኑን ያውቃል፤ ሐሰት መሆኑን የሚያውቁት አድማጮችም እንደሚያጨበጭቡለት ያውቃል። በዚህ ጭንቀት ተይዞ ከወዳጆቹ ጋራ በመንገድ ሲያልፍ፥ አንድ ሰካራም ለማኝ ደስ ብሎት ሲቀልድና ሲስቅ አየ። ያን ጊዜ ልቡ ተነካ። ይህ ድኃ በጥቂት ሳንቲም የገዛው ደስታ እውነተኛ ደስታ እንዳልሆነ አላጣውም፤ ነገር ግን እርሱ ራሱ በስንት ድካምና በስንት ውሸት የሚሮጥለት ደስታም ከዚያ የተሻለ አለመሆኑን አየ፤ እንዲያውም ለማኙ በማግሥቱ ስካሩ ሲለቀው፥ የእርሱ የክብር ስካር ግን አብሮት ያድራል፥ አብሮት ይነሣል። ይህንን ታሪክ ራሱ «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ጽፎታል።

እናቱ ሞኒካ ስለ እርሱ ለብዙ ዓመት እያለቀሰች ትጸልይ ነበር። በ386 ዓ.ም. ልቡ ወደ እግዚአብሔር ተመለሰ፤ የመምህርነቱንም ሥራ ተወ፤ በሚከተለው ዓመት በትንሣኤ በዓል ከልጁ ጋራ በሚላኖው ጳጳስ በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። እናቱም የለመነችውን አይታ በዚያው ዓመት ዐረፈች።

ከዚህ ታሪክ በእኔ ዘንድ እጅግ የሚደንቀው ኋላ የሆነው ነው። አውግስጢኖስ እግዚአብሔርን ካገኘ በኋላ ከሰው ርቆ በጸጥታ ለመኖር ፈልጎ ነበር። ይሁን እንጂ ሂፖ በምትባለው ከተማ ጳጳስ ሆኖ ተሾመና እስከ ዕረፍቱ እስከ 430 ዓ.ም. ድረስ በዚያ አገለገለ። በዚያ ዘመን ጳጳስ የሕዝቡን የገንዘብና የርስት ክርክር እየሰማ ይፈርድ ስለ ነበር፥ ተሟጋቾች በየዕለቱ ይከብቡት ነበር። እርሱም ይህ ሥራ እንደሚከብደው አልሸሸገም፤ ነገር ግን አልተወውም። እንግዲህ ወደ እግዚአብሔር መቅረቡ ከባለ ጉዳይ አላራቀውም፤ ይልቁንም ወደ ባለ ጉዳይ መካከል አገባው። እኔ ይህን ቃል በወጣትነቴ አንብቤ ሳላስተውለው አለፍሁ። ያስተዋልሁት ብዙ ቆይቶ፥ በሌላ ሰው ጉዳት ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ፊደል ቈጥሬ ዳዊት ደግሜአለሁ፤ ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቼ የውጭ አገር ቋንቋና የጽሕፈት ሥራ ተምሬአለሁ። ከሁለቱም የጸሎትን ልማድ ይዤ ወጣሁ። የፍርድ ቤት ሥራ ከያዝሁ ጀምሮ የዕለቱን መዝሙር ሳላደርስ እህል ቀምሼ አላውቅም ነበር። ባልንጀሮቼም ይህንን እያዩ ያከብሩኝ ነበር፤ እኔም መከበሬን እወድ ነበር። ነገር ግን እውነቱን ለመናገር በልቤ ደስታ አልነበረም። መጽሐፉን ስዘጋ ልክ ግብር ከፍሎ ደረሰኝ እንደ ተቀበለ ሰው «ይህም አለቀ» እል ነበር እንጂ፥ ከማን ጋራ ስነጋገር እንደ ቆየሁ አላስብም ነበር።

ነገሩ የሆነው ዛሬ 14 ዓመት ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። አንድ ቀን ማለዳ አርፍጄ ስለ ተነሣሁ ጸሎቴን በቤቴ ሳልጨርስ ዳዊቴን ይዤ ወደ ሥራዬ ሄድሁ። በጠረጴዛዬም ተቀምጬ ስደግም፥ ከሩቅ አገር በእግሯ የመጣች አንዲት ባልቴት ወረቀት ይዛ ገባች። እኔም ቀና ብዬ ሳላያት መዳፌን አንሥቼ «ቆይ» የሚል ምልክት ሰጠኋት። እርስዋም እጅ ነሥታ በግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

ጸሎቴን እንደ ጨረስሁ ዳኛው ወደ ችሎት አስጠሩኝና ገባሁ። የዚያን ቀን ችሎት ረዥም ነበር። ስወጣ መዝገብ ቤቱ ተዘግቶ ማኅተሙም ተቈልፎበት ነበር። ባልቴቲቱ ግን እዚያው አግዳሚ ላይ ነበረች። ሌላ ሰው ልትጠይቅ አልደፈረችም፤ ቆይ ብዬአታለሁና። ወረቀቷን ሳልገልጥ «ነገ ይምጡ» ብዬ ሸኘኋት።

በማግሥቱ መዝገብ ቤቱ ወረቀቷን መለሰባት። ማመልከቻዋ የይግባኝ ነበረ፤ ለይግባኝ የተፈቀደው 60 ቀን የተፈጸመው እኔ እጄን ባነሣሁባት ቀን ነበር። የምትከራከርበትም ባሏ ትቶላት የሞተው ቤት ነው። ወደ እኔ መጥታ ቆመች። ትቈጣኛለች ብዬ ስጠብቅ ዝቅ ብላ እንዲህ አለችኝ። «ጌታዬ፥ ትናንት ጸሎትዎን አስታጕዬብዎት እንደ ሆነ ይቅር ይበሉኝ። እግዚአብሔር የተቀየመኝ ስለዚህ ይመስለኛል።»

ክቡራን አንባቢዎች፥ ሰድባኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ያቺ ምስኪን በእኔ ምክንያት ቤቷን ከማጣቷ በላይ፥ አምላኳ የተቈጣት መስሏት ነበር። እኔ የእግዚአብሔርን ስም እየጠራሁ፥ እግዚአብሔርን ከእርስዋ አራቅሁት።

በዚያ ቀን ማታ ወደ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ለባለቤቴ አጫወትኋት። እርስዋም ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና «እኛስ ቢሆን መቼ እናገኝዎታለን? ስንቀርብዎ እጅዎን ያነሡብናል» አለችኝ። ይህንን የተናገረችው በቍጣ አልነበረም፤ ስለዚህም ይበልጥ ወጋኝ። ከዚህም በኋላ በጓዳው በኩል የሆነውን አየሁ። የ6 ዓመት ልጄ አሮጌ ደብተር በጉልበቱ ዘርግቶ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ታናሽ እኅቱ «ውሃ ስጠኝ» እያለች ስትለምነው፥ ቀና ብሎ ሳያያት መዳፉን አነሣባት። «ምን ትጫወታለህ?» ብዬ ብጠይቀው «እንደ አባባ እጸልያለሁ» አለኝ።

ጌታችን በተራራው ላይ ሲያስተምር፥ መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው የደረሰ ሰው ወንድሙ የተቀየመበት ነገር እንዳለ ትዝ ቢለው፥ መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ እንዲታረቅ፥ ከዚያም ተመልሶ መባውን እንዲያቀርብ አዝዟል። ይህንን ትእዛዝ ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቀዋለሁ። ነገር ግን መባው የእኔ የማለዳ ጸሎት፥ የተቀየመው ወንድምም በአግዳሚ ላይ የተቀመጠው ባለ ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል አላሰብሁም ነበር።

በማግሥቱ ማለዳ ለዳኛው ማመልከቻ ጻፍሁ። ባልቴቲቱ በጊዜው መምጣቷን፥ የዘገየው በእኔ ቸልተኝነት መሆኑን አንድም ሳልሸሽግ አስታወቅሁ። ሕጉ ለመዘግየቱ በቂ ምክንያት ሲገኝ ይግባኙ ከጊዜው በኋላ እንዲቀርብ ይፈቅዳልና ተፈቀደላት። በእኔም ላይ ተግሣጽና የደመወዝ ቅጣት ተወሰነ። ክርክሩ ታይቶ በመጨረሻው በሽማግሌ ዕርቅ አለቀ፤ ሙሉውን ቤት አላገኘችም፤ መኖሪያ የሚሆናት ክፍል ግን ተረፈላት። ያንን ማመልከቻ ስፈርም እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር። ይሁን እንጂ ስንት ዓመት በጸሎት መካከል ስፈልገው የኖርሁት የእግዚአብሔር ቅርበት፥ በዚያች ሰዓት ተሰማኝ። ደስታው የሹመት ደስታ አይደለም፤ ለረዥም ጊዜ ከቤት ጠፍቶ የቆየ ሰው ደጁን ከፍቶ ሲገባ የሚሰማው ዓይነት ነው።

በዚህ ምክንያት ጸሎት አያስፈልግም፥ መልካም ሥራ ብቻ ይበቃል የሚል ቢኖር አልስማማውም። ያቺ ባልቴት በተናገረችኝ ጊዜ ልቤን የወቀሰው፥ ለብዙ ዓመት በቃሌ ስደግመው የኖርሁት ቃል ነው። ዘሩ ባይኖር ዝናሙ ምን ያበቅላል? ጥፋቴ መጸለዬ አልነበረም፤ ጸሎቴን በደጅ እንደሚቆም ዘበኛ አድርጌ ሰውን ማስቀሪያ ማድረጌ ነበር።

አባቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ለጸሎት 7 ጊዜ መድባለች፤ እነዚህም ነግህ፥ ሠለስት፥ ቀትር፥ ተሰዓት፥ ሠርክ፥ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት ናቸው። ሠለስት 3 ሰዓት ነው፤ መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት ነው። ቀትር 6 ሰዓት ነው፤ ጌታችን የተሰቀለበት ነው። ተሰዓት 9 ሰዓት ነው፤ ነፍሱን አሳልፎ የሰጠበት ነው። አንባቢ ሆይ፥ እስቲ እነዚህን 3 ሰዓታት ይመልከቷቸው። ሦስቱም የሚደርሱት ሰው በሥራው ላይ ሳለ ነው፤ ገበሬው በእርሻው፥ ነጋዴው በገበያው፥ ሹሙም በመሥሪያ ቤቱ። አባቶች የእግዚአብሔርን ሰዓት በትርፍ ጊዜያችን ብቻ አላኖሩትም፤ በሥራችን መካከል ተከሉት እንጂ።

አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ በ14ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻና በ15ኛው መጀመሪያ የነበረ፥ መጽሐፈ ሰዓታትንና መጽሐፈ ምሥጢርን የደረሰ ታላቅ ሊቃችን ነው። ገድሉ እንደሚተርከው፥ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ተማሪ ሳለ ትምህርት አልገባው ብሎ ለገዳሙ እህል እየፈጨ ያገለግል ነበር። የሌሊቱንና የቀኑን ሰዓት በምስጋና የሚያስጌጠው ያ ሊቅ፥ ሰዓቱን አስቀድሞ ያሳለፈው በወፍጮ ሥር ተንበርክኮ ነው።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ ደግሞ የአንድ ፈረንሳዊ መነኵሴ ታሪክ አንብቤአለሁ። ይህ ሰው ወንድም ሎራን ይባላል፤ አስቀድሞ ወታደር ነበረ፤ በጦርነት ቈስሎ እግሩ ሰነከለ። በ1640 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፓሪስ ከተማ ወደሚገኝ የቀርሜሎስ ገዳም ገባ። የተሰጠውም ሥራ በወጥ ቤት ምግብ ማብሰል ነበር፤ ሥራውንም በጠባዩ አይወደውም ነበር። ቢሆንም ድስት ሲጥድና ሲያወጣ ከእግዚአብሔር ጋራ እንደሚነጋገር ሆኖ መኖርን ለመደ፤ በቤተ መቅደስና በወጥ ቤት መካከል በልቡ ልዩነት እስኪጠፋ ድረስ። በ1691 ዓ.ም. ሲያርፍ ሹመትም ሀብትም አልነበረውም፤ ነገር ግን ብዙ ሊቃውንትና ጌቶች የልባቸውን ሰላም ፍለጋ ወደዚህ ወጥ ሠሪ ዘንድ ይመላለሱ ነበር።

አንዱ በወፍጮ፥ ሌላው በምጣድ እግዚአብሔርን ካገኙት፥ እኛ በመዝገብና በማኅተም መካከል የማናገኘው ስለ ምንድን ነው? ስለዚህ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤቴና በሥራዬ የለመድሁትን፥ ለአንባቢ ይጠቅም እንደ ሆነ ከዚህ በታች እጽፋለሁ።

1ኛ፤ የማለዳውን ጸሎት አልተውሁም፤ ነገር ግን ቀደም ብዬ እነሣለሁ። ለእግዚአብሔር የምሰጠውን ጊዜ ከራሴ እንቅልፍ እከፍላለሁ እንጂ ከባለ ጉዳይ ጊዜ አልሰርቅም። በተቻለ መጠንም ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋራ በአንድነት እንጸልያለን። ጥቂት ቃል በአንድነት መጸለይ፥ ብዙ ቃል ለብቻ ከመድገም ይልቅ ቤትን ያሞቃል።

2ኛ፤ በ3፥ በ6ና በ9 ሰዓት፥ ብዕሬን አስቀምጬ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ልቤን ወደ እግዚአብሔር አነሣለሁ። ይህንን ማንም አያይብኝም፤ ሥራም አያስታጕልም። ከዚያም በፊቴ የቆመውን ሰው ቀና ብዬ ዓይኑን እያየሁ አነጋግረዋለሁ። እግዚአብሔር ለዚያች ሰዓት የሰጠኝ ያንን ሰው ነው።

3ኛ፤ ጸሎት ላይ ሳለሁ ችግረኛ ቢመጣ ጸሎቱን ትቼ እነሣለሁ፤ ኋላም ካቆምሁበት እቀጥላለሁ። ካቆምሁበት ስመለስ፥ የተነሣሁለት ሰው ስም በጸሎቴ ውስጥ ይገባል።

4ኛ፤ ማታ ከመተኛቴ በፊት በዚያ ቀን እጄን ያነሣሁበትን ሰው አስባለሁ። ሚስቴ፥ ልጄ ወይም አሽከሬ እንደ ሆነ በዚያው ሌሊት፥ ባለ ጉዳይ እንደ ሆነ በማግሥቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሹም ለታናሹ ይቅርታ ቢጠይቅ ክብሩ የሚቀንስ የሚመስለው ይኖራል። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ክብሬ ሲቀንስ አላየሁም፤ በቤቴ የነበረው ፍርሃት ግን ቀንሷል።

5ኛ፤ ነፍስ አባቴን የምጠራው ለዝክርና ለክርስትና በዓል ብቻ አይደለም። ኃጢአቴን በስሙ እየጠራሁ እናገራለሁ። በደፈናው «በድያለሁ» ማለት ቀላል ነው፤ «የአንዲትን ባልቴት ቀን አስለፍሁባት» ማለት ግን ይከብዳል፤ የሚፈውሰው ይህኛው ነው።

እንግዲህ የልብ እርካታ ምንድን ነው ቢሉኝ፥ መከራ አለመኖር ነው አልልም። ደመወዜ ዛሬም አይተርፍም፤ ባለፈው ዓመት ወንድሜን ቀብሬአለሁ፤ በሥራም የምቈጣበት ቀን አይጠፋም። ነገር ግን መብራቱ ጠፍቶ በጨለማው ስጋደም፥ «ምን ቀረብኝ?» የሚለው ጥያቄ ተለውጦ «ነገ ማን ይመጣብኝ ይሆን?» የሚል ሆኗል። አስቀድሞ ጥያቄው ስለ ራሴ ብቻ ስለ ነበር መልስ አልነበረውም፤ ዛሬ ግን ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ ከዚያም ሰው ጋራ የጌታችን መንፈስ አብሮ ይገባል።

ያ አግዳሚ ዛሬም በጠረጴዛዬ ፊት ለፊት ነው። ሌላ መሥሪያ ቤት ስዛወር ባለቤቶቹን አስፈቅጄ አሮጌ ነው ሲሉኝ ይዤው ሄድሁ። ልጄም አድጓል፤ አሁን 20 ዓመቱ ነው። በቅርቡ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳለ አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ይዘው ገቡ። እኔ መዝገብ እጽፍ ስለ ነበር አላየኋቸውም። ልጄ ግን ከተቀመጠበት ተነሥቶ «አባባ፥ ሰው ቆሟል» አለኝ።

የሁላችንን ልብ ወደ እርሱ የሚያቀርብ፥ በደጃችን የሚቆመውንም ሰው የምናይበት ዓይን የሚሰጥ አምላክ ቤታችሁን ይባርክ።